ከአቃቂ የሄዱ አይጦች

ፌኔት ጂራታ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ሰው ትጠላ ነበር፤ አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ወፍጮና የእህል መጋዘን ያለውን ጋሽ አምባውን። ጥላቻዋ የሚጮህ ዓይነት አልነበረም። ተማረች፣ ሥራ ያዘች፣ ከሰው ጋር ሳቀች ተጫወተች። ጥላቻው ግን እንደ ጥርስ ሕመም አንዴ ጋብ አንዴ ብድግ እያለ አብሯት አደገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ጂራታ የጋሽ አምባው ሾፌር ነበር፤ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና ይነዳል። በድርቁ ዓመት ጋሽ አምባው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች ለአንዷ የዕርዳታ ስንዴ ሰጠና ስሙ በሬዲዮ ተጠራ። ጂራታ ስንዴውን ጭኖ ሄደ፣ ሐይቁ ዳር አራገፈ፣ ጆንያው በጀልባ ተሻገረ። ደሴቷ ከዚያ በፊት አይጥ አታውቅም ነበር። ዓመት ሳይሞላ አይጥ ወረራት። ለዘር የተቀመጠው እህል ተበላ። ቋጥኙ ላይ የሚጥሉት የውሃ ወፎች እንቁላላቸው እየተቦረቦረባቸው ጎጆአቸውን ጥለው ሄዱ። የተኛ ሕፃን ጣቱን ተነከሰ። ደሴተኞቹ፣ «ይኼ መዓት ከዕርዳታው ጆንያ ጋር ነው የመጣብን» ብለው አቤት አሉ።

ጋሽ አምባው ያን ጊዜ፣ «መጋዘኔ አይጥ ነበረበት፣ አላስተዋልኩም» ቢል ማንም አይሰቅለውም ነበር። እሱ ግን በሬዲዮ የተጠራው ስሙ አሳሳው። «ከእኔ ቤት የወጣው የተበጠረ ስንዴ ነው፤ ሾፌሬ መቂ ገበያ ላይ ሸጦት፣ በምትኩ አይጥ የተራባበትን ግርድ ጭኖ ሄዷል» አለ። ከመጋዘኑ ሠራተኞች መሃል የሚመሰክርለት አላጣም። ጂራታ ሌባ ተብሎ ታሰረ። ሲፈታ መሪ የሚያስጨብጠው ሰው ጠፋ፤ ሳሪስ አቦ ገበያ ወርዶ ሸክም ተሸከመ። የሰፈር ልጆች ስሙን ከጅራት ጋር ገጥመው፣ «ጂራታ፣ የአይጥ ጅራታ!» እያሉ ይከተሉት ነበር። ፌኔትንም ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደዚያው። አንድ ቀን ጆንያ ትከሻው ላይ እንዳለ ወደቀ፤ ከዚያ አልተነሳም።

የሰፈሩ እድር ዳኛ ጋሽ አምባው ነበር። «በስርቆት የተፈረደበት ከአባልነት ተሰርዟል» ተባለ። ጥሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም፣ አግዳሚ ወንበር አልመጣም። እናቷ አደሴ ለቅሶ የተቀመጠችው ደጃፏ ላይ፣ ፀሐይ አናቷን እየመታት ነው። ጋሽ አምባው የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ወገቡ ላይ እያንቀጫቀለ በፊታቸው አለፈ። ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም። ፌኔት ግን አየችው፤ ከዚያ ቀን ወዲያም ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም።

ዓመታት አለፉ። አደሴ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣላትና ገላን ገቡ። ፌኔት ባዮሎጂ አጥንታ አንድ የዘረመል ላብራቶሪ ውስጥ ተቀጠረች። አለቃዋ ዶክተር ፊርዶስ የምትመራው ጥናት በሐይቅ ደሴቶች ላይ ያሉ አይጦች ከየት እንደመጡ የሚያጣራ ነበር።

«አይጥ ያን ያህል ውሃ ዋኝቶ አያቋርጥም፤ የሚያሻግረው ሰው ነው» ትል ነበር ዶክተሯ። «ከየት እንደተሻገረ ካላወቅን ደግሞ ዛሬ ብናጠፋው ነገ ተመልሶ ይመጣል።»

ሥራው ለሚያየው ቀላል ይመስላል። አይጧ ትያዛለች፤ ከጅራቷ ጫፍ ትንሽ ተቆርጦ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ዲኤንኤዋ ይወጣል። ከዲኤንኤው አንዱ ክፍል ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርድ ነው። ደሴት ላይ ያለች አይጥና ከተማ ውስጥ ያለች አይጥ ይህ ክፍል አንድ ከሆነላቸው፣ ወደ ኋላ ሲቆጠር አያታቸው አንዲት ናት ማለት ነው። ፌኔት የዚያች ደሴት ስም በጥናቱ ውስጥ እንዳለ ሰማች። ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

የደሴቷ ውጤት የወጣ ዕለት ዶክተር ፊርዶስ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ነይማ ይኼንን እዪልኝ። የደሴቷ አይጦች የመቂም የዝዋይም አይደሉም። ሐይቁ ዳር የያዝናቸው በሙሉ ከደቡብ፣ በሞያሌ መንገድ የመጣ ዘር ናቸው። እነዚህ ግን የጅቡቲ ናቸው።»

«የጅቡቲ?»

«ወደብ ላይ ከመርከብ ወርዶ በባቡር ሽቅብ የወጣ ዘር። ድሬዳዋ አግኝተነዋል። ሐዲድ ዳር ያለ ከተማ ሁሉ ላይ እናገኘዋለን ብዬ እገምታለሁ።»

 ፌኔት ያደገችው ሐዲድ ዳር ነው። መቂ ሐዲድ ኖሮት አያውቅም። አባቷ መቂ ላይ እህል ለውጦ ቢሆን ኖሮ፣ ደሴቷን የሚወራት የመቂ አይጥ ነበር።

«ከአቃቂ መጋዘኖች ናሙና ላምጣ?» አለች።

«ከአቃቂ ብቻ አይበቃም፤ ከሞጆም ከአዳማም ይምጣ። ከአቃቂም ከብዙ መጋዘን። ከአንድ ቤት ብቻ ወስዶ በዚያ ቤት ላይ መፍረድ ሳይንስ አይባልም።»

ፌኔት እንደታዘዘችው አደረገች። ከሞጆ፣ ከአዳማ፣ ከሳሪስ፣ ከአቃቂ ወፍጮ ቤቶች አመጣች። የጋሽ አምባውን መጋዘን ግን ለመጨረሻ አቆየችው፤ ጥሩ ጉርሻ ለመጨረሻ እንደሚቆይ።

ጋሽ አምባው በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። አርጅቷል፤ ቁልፉ ግን ያው ወገቡ ላይ ነው። የመሥሪያ ቤቷን መታወቂያ አሳየችው፤ ሳያነበው መለሰላት።

«አይጥ ለመያዝ ነው ይኼን ሁሉ የተማርሽው ልጄ?» ብሎ ሳቀ። «ግቢ፣ ግቢ። እዚህማ ሞልቶልሻል። የማን ልጅ ነሽ? መልክሽ አዲስ አልሆነብኝም።»

«ድሮ እዚሁ ሰፈር ነበርን ጋሼ። አሁን ገላን ነን።»

«ገላን ደህና ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው» አለና የአባቷን ስም ሳይጠይቅ አለፈ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እውነት መሆኑን ፌኔት ያን ቀን በዓይኗ አየች።

ወጥመዱን ጆንያዎቹ መሃል ስታስቀምጥ እየተከተለ ያወራላት ጀመር። «መጋዘኑን የሠሩት አባቴ ናቸው፤ ባቡሩ እዚህ ዕቃ በሚያራግፍበት ዘመን። አይጡም የዚያን ጊዜ ነው። ስንት መርዝ አደረግን፣ ስንት ድመት አሳደግን፣ ወይ ፍንክች! እንግዲህ እንደ ቤተሰብ አብረን ነው የምንኖረው።»

«ሁልጊዜም ነበሩ ማለት ነው?»

«ምን ጊዜ ጠፍተው!»

ፌኔት ጆንያው ላይ እንዳጎነበሰች ቆየች። ፊቷን ቀና ብታደርግ የሚያይባትን ታውቃለች።

ውጤቱ ሲመጣ እንደጠረጠረችው ሆነ። የደሴቷ አይጦች የባቡሩ ዘር ናቸው። ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ደግሞ ከሞጆም ከአዳማም ይልቅ ለአቃቂ ይቀርባሉ፤ ከአቃቂም ከሁሉ በላይ ለአንድ መጋዘን። እርስ በርሳቸው በጣም መመሳሰላቸውም የመጡት ከጥቂት አይጦች፣ ምናልባትም ጆንያ ውስጥ ከተሸሸገ አንድ ጎጆ እንደሆነ ያሳያል። ያኔ ፌኔት የአባቷን ታሪክ ለዶክተር ፊርዶስ ነገረቻት። ዶክተሯ ሰምታ ስትጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«አዝናለሁ ፌኔት፤ ከልቤ። ግን አስቢበት። ሰውየው በሩን የከፈተልን ለጥናት ነው። ጽሑፉ ላይ የማንም መጋዘን በስም አይጠራም። አባትሽን ነጻ ማውጣት ከፈለግሽ ሕግ አለ፤ እኔም ቆሜ እመሰክራለሁ።»

«ሕግ ስሙን ይመልስለት ይሆናል። እኔ የምፈልገው አምባው ሰው ፊት እንዲወድቅ ነው፤ አባቴ እንደወደቀው።»

«እንደዚያ ካደረግሽ ከእኔ ጋር መሥራት አትችዪም።»

 ለዚህ መንገዱን የከፈተላት ግን ራሱ ጋሽ አምባው ሆነ። በሳምንቱ ስልክ ደወለላት። የእድሩን ድንኳን አይጥ በጫጭቆት ኖሯል። «እሑድ ጠቅላላ ስብሰባ አለን። እስቲ መጥተሽ ስለ አይጥ ትምህርት ስጪልን፤ አንቺ አዋቂ ነሽ» አላት።

«በደስታ ጋሼ» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ አዳራሽ ሞላ። ጋሽ አምባው መሃል ወንበር ላይ፣ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ኦላና አጠገቡ ተቀምጠዋል። ጋሽ አምባው ተነስቶ፣ «የአካባቢያችን ልጅ ናት፣ እንኮራባታለን» ብሎ አስተዋወቃት፤ ተጨበጨበ።

ፌኔት ቆመች።  አይጥ በጀልባ፣ በባቡር፣ በጆንያ እንዴት እንደሚጓዝ፣ ዘሩ በጅራቱ ቁራጭ እንዴት እንደሚታወቅ ለማንም በሚገባ ቋንቋ ነገረቻቸው። ከዚያ ንግግሯን ወደ ዝዋይ አወረደችው።

«አንዲት ደሴት አለች። በድርቁ ዓመት ከአቃቂ የዕርዳታ ስንዴ ተላከላት። ከስንዴው ጋር አይጥ ገባባት። ያን ጊዜ፣ ሾፌሩ ስንዴውን መቂ ላይ ሸጦ ግርድ ጭኖ ሄደ ተባለ፤ ታሰረም። እኛ አሁን የደሴቷን አይጦች መረመርን። የመቂ አይደሉም። የአቃቂ ናቸው። ከአቃቂም የሚቀርቧቸው የአንድ መጋዘን አይጦች ናቸው።»

«የማን መጋዘን?» አሉ ጋሽ ኦላና።

«ሾፌሩ ጂራታ ይባል ነበር። አባቴ ነው። መጋዘኑ የጋሽ አምባው ነው።»

አዳራሹ እንደ ቀፎ ተናጋ። ጋሽ አምባው መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ፊቱ ደም ለበሰ፣ ከዚያም በሳቅ ሊያልፈው ሞከረ። «ሰው አልቆ አይጥ ሊመሰክርብኝ መጣ? ስሙማ ጎበዝ!»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ፌኔት ነገሩ ከእጇ ሲያመልጥ ተሰማት።

«አባቴ የታሰረውም በሰው ምስክርነት ነው» አለች ጮክ ብላ። «ሰው ያየውን ትቶ የታዘዘውን ይናገራል። አይጥ ግን ደሟ ውስጥ ያለውን መለወጥ አትችልም። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ያ ስንዴ እውነት ተበጥሮ ነበር? ጆንያው ሲጫን ተፈትቶ ታይቶ ነበር?»

«ተበጠረ አልተበጠረ!» ብሎ ጋሽ አምባው ጠረጴዛውን መታ። «የተራበ ሰው ምን ያማርጣል? አይጥ የነካውም ቢሆን በልተው ዳኑ! እኔ ባልልክላቸው በረሃብ ያልቁ አልነበረም?»

 ጋሽ አምባው ራሱ ከአፉ የወጣውን የሰማው ዘግይቶ ነው።

«አምባው፣ አሁን ምን አልክ?» አሉ ጋሽ ኦላና ቀስ ብለው።

 ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ወይኔ ጂራታ!» ብላ አለቀሰች። የጂራታን ድንኳን የከለከሉ፣ ልጆቻቸው በስሙ ሲጫወቱ ዝም ያሉ ሰዎች አሁን ተራ በተራ እየተነሱ አምባው ላይ ጮኹ። ፌኔት ጥላቻዋ ውስጥ ለእነሱም ቦታ ነበራት፤ የዛሬው ቀን ግን የእሱ ነው። ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም። በድምፅ ብልጫ ከዳኝነቱ ተሻረ፤ ቁልፉንም ሌላ ሰው ከወገቡ ፈታው። ፌኔት አፏ ውስጥ ማር ማር አላት። ይኼን በሐሰት አልሸሸገችውም፤ በኋላም ለጠየቃት ሁሉ ጣፈጠኝ ነው ያለችው።

በማግስቱ ዶክተር ፊርዶስ ሰምታ ጠበቀቻት። «ስምሽ ከጽሑፉ አይወጣም፤ የሠራሽው ሥራ ነው። ከእኔ ጋር ግን ከእንግዲህ መስክ አትወጪም። ነገ የትኛው ባለመጋዘን በሩን ይከፍትልናል?» አለቻት። ፌኔት እውነት እንዳላት አወቀች፤ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። ቆጫት፤ ግን አልተጸጸተችም። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ያን ቀን ለየች።

ሽማግሌዎች ገላን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጋሽ ኦላና ከፊት፣ ጋሽ አምባው እንደ ጥንቱ ወግ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከኋላ። ፎቁን ሲወጣ ትንፋሹ ከደረጃው ይሰማ ነበር። አደሴ ከሶፋዋ አልተነሳችም።

«ድንጋዩን እውጭ አስቀምጠው» አለችው። «ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ይሰነጠቅብኛል።»

ጋሽ ኦላና ምልጃውን ጀመሩ። «አደሴ፣ ሰውየው ጥፋቱን አምኗል። አርጅቷል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ፤ እባክሽ...»

«ጋሽ ኦላና፣ ይኼን ተረት ያኔ የት አስቀምጠውት ነበር?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። ፌኔት በእናቷ ተገረመች። ይኼን ሁሉ ዓመት ስለ አምባው አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ትታዋለች ብላ ነበር የምታስበው።

«እኔ ገንዘብ አልፈልግም፣ ካሣም አልፈልግም» አለች አደሴ። «የባሌ ድንኳን ይተከልልኝ። ጥሩምባ ይነፋለት። ሦስት ቀን ለቅሶ እቀመጣለሁ። እሱ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ሰው ይቀበላል። ለእያንዳንዱም፣ ‹ጂራታ አልሰረቀም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ› ይላል። ለልጅም ለአዋቂም። አንድም ሰው ሳያስቀር።»

ጋሽ አምባው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «እሺ» አለ።

ድንኳኑ ገላን ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ብሎኮች መሃል ተተከለ። አይጥ የበላው ቦታ በማዳበሪያ ከረጢት ተጥፎ ነበር። ጥሩምባው አቃቂ ላይ፣ በድሮው ሰፈር ተነፋ፤ ሰዉም በሚኒባስና በባጃጅ እየተጫነ መጣ። ከጂራታ ጋር ሳሪስ አቦ ሸክም የተሸከሙ መጡ። ፌኔትን «የአይጥ ጅራት» ይሏት የነበሩ፣ አሁን የልጆች አባት የሆኑ፣ አንገታቸውን ደፍተው መጡ። ጋሽ አምባው ጋቢውን ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ይናገራል።

«ጂራታ አልሰረቀም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

የመጀመሪያው ቀን በኃይል፣ ቶሎ ቶሎ ነበር የሚለው፤ እንደሚገላገል ሰው። በሁለተኛው ቀን ድምፁ ሻከረ። ያኔ በሐሰት ከመሰከሩለት ሰዎች አንዱ መጥቶ በሩ ላይ ተገጣጠሙ። ጋሽ አምባው ቃሉን ለእሱም ተናገረ፤ ሰውየው ፊቱን በኩታው ሸፍኖ ገብቶ ጥግ ተቀመጠ፣ እስኪመሽም አልተነሳም።

ከሰዓት በኋላ የጋሽ አምባው ልጅ ሶሊያና በመኪና ደርሳ ቀጥታ ወደ ፌኔት መጣች። አይታት የማታውቃት፣ በእሷው ዕድሜ ያለች ሴት ናት።

«ደም ግፊት አለበት። ቁጭ ይበል እንኳ። ወንበር ብቻ ስጡት።»

ፌኔት አየቻት። የሴትየዋ ዓይን ያበጠው በልቅሶ ነው። ፌኔት ያን ዓይን ታውቀዋለች፤ በልጅነቷ መስታወት ውስጥ አይታዋለች። ልቧ ሊራራ አንድ አፍታ ቀረው።

«አባቴ እስኪወድቅ ድረስ ቆሞ ነበር» አለች። «ያንቺን ግን ማንም አላሰረውም። ልቀመጥ ካለ ይቀመጥ።»

ሶሊያና ወንበር አንስታ ወሰደችለት። ጋሽ አምባው ወንበሩን አየው፣ ከዚያም ድንኳኑ ውስጥ በጥቁር ልብስ የተቀመጠችውን አደሴን አየ። አልተቀመጠም። ፌኔት ይኼን አልጠበቀችም፤ በዚህም የተነሳ የበለጠ ተናደደች። ክብር የምትሰጠው ነገር እንዲያደርግ አልፈለገችም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድምፁ ጨርሶ ጠፋ። ሰው ሲመጣ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሰዎቹም ጆሯቸውን ወደ አፉ አስጠግተው ይሰሙታል፤ ሰምተውም፣ «ነፍስ ይማር» ብለው ይገባሉ። አደሴ በእነዚያ ቀናት እንደ ትኩስ ሐዘንተኛ አለቀሰች። ፌኔት ግን አላለቀሰችም፤ በር በሩን ስታይ ዋለች።

ድንኳኑ ሲፈታ፣ ወንበሩ መኪና ላይ ሲጫን፣ ጋሽ አምባው ወደ አደሴ ሄዶ ጎንበስ አለ። ምን እንደተባባሉ ፌኔት አልሰማችም። ከዚያ ወደ እሷ መጣ፤ እግሩ ይጎተት ነበር።

«አሁንስ ይቅር አልሽኝ ልጄ?» አለ በተዘጋ ጉሮሮ።

«ይቅርታው የእናቴ ነው። እሷን ይጠይቁ።»

«ጠየቅኋት። ይቅርታው የፌኔት ነው፣ እሷን ጠይቅ ብላ ላከችኝ።»

ፌኔት ወደ እናቷ ዞረች። አደሴ ሰፌድ ላይ የተረፈውን ቆሎ እየሰበሰበች ነበር፤ ቀና ብላም አላየቻቸው።

«እንግዲያው ይመላለሱ» አለችው ፌኔት።

 ጋሽ አምባው በእሺታ ራሱን ነቀነቀና ልጁ በምትጠብቀው መኪና ሳይሆን መንገድ ተሻግሮ በባጃጅ ሄደ። እስከ ዛሬም ይመላለሳል። በየበዓሉ ማግስት ገላን ይመጣል፣ አንዷን ይጠይቃል፣ ወደ ሌላዋ ይላካል፣ ሻይ ተሰጥቶት ጠጥቶ ይመለሳል። ባለፈው የፋሲካ ማግስት ፌኔት ሻዩ ላይ ስኳር ጨምራ ሰጠችው። ከዚያ የበለጠ ግን አልሰጠችውም።